ሃምሳ ጥይት ምን ይመሰክራል?
የአንድ ርካሽ ሽጉጥ ፍተሻ በፊዚክስና በስታቲስቲክስ ዓይን

አንድን መሣሪያ «አስተማማኝ ነው» ብሎ ለመናገር ስንት ጊዜ መሞከር ያስፈልጋል? ጥያቄው ስለ አምፖልም፣ ስለ መኪና ፍሬንም፣ ስለ ክትባትም ሊነሣ የሚችል ቢሆንም በዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ምሳሌ ሽጉጥ ነው። ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሽጉጥ የኒውተን ሕጎች፣ የጋዞች ጠባይና የብረታ ብረት ጥንካሬ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአንድነት የሚፈተኑበት መሣሪያ ነው። ከዚህም በላይ በተፈለገበት ቅጽበት ሳይተኩስ ቢቀር ወይም ባልተፈለገበት ቅጽበት ቢተኩስ የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ነው።

በአሜሪካ ከ200 ዶላር በታች የሚሸጡ ሽጉጦች አሉ። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ዒላማ መተኮሻ ስፍራ ይዞት ይሄድና 50 ጥይት የያዘ አንድ ፓኬት ይተኩስበታል። ሽጉጡ ካልነከሰና ካልከሸፈ፣ ቀዳዳዎቹም በዒላማው ወረቀት መካከል ከታዩ፣ «ርካሽ ነው፤ ግን አስተማማኝ ነው» ብሎ ይመለሳል። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሃምሳ ጥይት በእርግጥ ያንን ያህል ይመሰክራልን?

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንባብያን እንዲገነዘቡልን የምንፈልገው ጽሑፉ መሣሪያ እንዲገዛ የሚገፋፋ አለመሆኑን ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ መተኮስ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው። እኛን የሚመለከተን ከፍተሻው ጀርባ ያለው ሳይንስ ነው።

ርካሹ ሽጉጥ ስለምን ከበደ?

በኦሃዮ ግዛት በማንስፊልድ ከተማ የተሠራውንና ለብዙ ዓመታት ከ200 ዶላር በታች ሲሸጥ የኖረውን ሀይ ፖይንት ሲ9 የተባለ ሽጉጥ ለምሳሌ እንውሰድ። የሚተኩሰው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሲሆን ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። የአፈሙዙ ርዝመት 8.9 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 820 ግራም ያህል ነው። ይህንኑ ጥይት የሚጠቀመው፣ በዋጋ ግን እጅግ የሚበልጠው ግሎክ 19 ባዶውን የሚመዝነው 600 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ አፈሙዙ ይረዝማል፤ በካዝናውም 15 ጥይት ይይዛል። ታዲያ ርካሹ ሽጉጥ የሚይዘው ጥይት አንሶ ሳለ ስለምን ከበደ?

መልሱ የሚገኘው ሽጉጡ በሚዘጋበት መንገድ ላይ ነው። ባሩዱ ሲነድ በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ቀለህ ውስጥ የሚፈጠረው የጋዝ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ከ2,300 እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ግፊት አረሩን ወደፊት ሲገፋ፣ በዚያው መጠን ቀለሁንና ከኋላው ያለውን ተንሸራታች ብረት ወደኋላ ይገፋል። ግፊቱ ጣሪያ በሚደርስበት ቅጽበት በቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ1.5 ቶን ክብደት ጋር የሚስተካከል ነው። ተንሸራታቹ ፈጥኖ ቢከፈት፣ ግፊቱ ሳይበርድ ቀጭኑ የቀለህ ግድግዳ ያለ ድጋፍ ይቀርና ይፈነዳል። የንድፍ ባለሙያው ዋና ሥራ እንግዲህ ተንሸራታቹን አረሩ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ድረስ ዘግቶ ማቆየት ነው።

ይህን ለማድረግ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ያስፋፋው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አፈሙዙና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደኋላ አብረው ይጓዛሉ፤ ግፊቱ ከወደቀ በኋላ አፈሙዙ ዘንበል ብሎ ይላቀቃል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ የተቀረጹ የብረት ክፍሎችን ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ ምንም ዓይነት ቁልፍ ሳይኖር ተንሸራታቹን ማክበድ ነው። ርካሹ ሽጉጥ የሚከተለው ይህን ነው።

በሁለተኛው መንገድ መከፈቱን የሚያዘገየው ግትነት ብቻ ነው። ሽቦው ወይም ስፕሪንጉ ከ1.5 ቶን ኃይል ፊት ቢቆም ከቁጥር አይገባም። ስሌቱም ቀላል ነው። የአረሩ መጠነ ቁስ 7.45 ግራም፣ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 340 ሜትር ቢሆን ሞመንተሙ 2.5 ኪሎ ግራም ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። በሞመንተም ጥበቃ ሕግ መሠረት ተንሸራታቹም ይህንኑ ያህል ሞመንተም በተቃራኒው አቅጣጫ ይይዛል (የባሩዱ ጋዝ ድርሻ በዚህ ላይ የሚጨመር ቢሆንም ለጊዜው እንተወው)። የተንሸራታቹ መጠነ ቁስ ግማሽ ኪሎ ግራም ቢሆን ወደኋላ የሚሄደው በሴኮንድ 5 ሜትር ነው፤ ሩብ ኪሎ ግራም ቢሆን ግን 10 ሜትር። የያዘው ኢነርጂም ከ6.4 ጁል ወደ 12.8 ጁል ያድጋል። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ 7 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ ግማሽ ኪሎ ግራም የሚመዝነው ተንሸራታች ወደኋላ የሚያፈገፍገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቀላሉ ተንሸራታች ግን 2 ሚሊ ሜትር ያፈገፍጋል። የርካሹን ሽጉጥ ክብደት ያመጣው ይህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

ዋጋውን የቀነሰው ደግሞ የተንሸራታቹ ቁስ ነው። ይህ ክፍል የተሠራው ከዚንክ ቅይጥ ሲሆን፣ ቅይጡ በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት እየፈሰሰ በፍጥነት ይመረታል። ብረት ለማቅለጥ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ዚንክ ከብረት የደከመ በመሆኑ ክፍሉ ወፈር ተደርጎ ይሠራል፤ ውፍረቱም ቢሆን ለሚፈለገው ክብደት ይጠቅማል። አፈሙዙ ግን ግፊቱን መቋቋም ስላለበት ከብረት የተሠራ ነው። ስለዚህ ሽጉጡ ርካሽ የሆነው በአመዛኙ በንድፉ ምርጫ እንጂ በግዴለሽነት አይደለም። ይሁንና ጥሩ ምክንያት ያለው ንድፍ ሁሉ ጥሩ ሽጉጥ ይወጣዋል ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው ፍተሻ የሚያስፈልገው።

የአረሩን ፍጥነት መለካት

ፍተሻው የሚጀምረው ከፍጥነት ልኬት ነው። የአረርን ፍጥነት በአስተማማኝ መንገድ የለካው እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ሮቢንስ ሲሆን፣ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1742 ስለ መድፍና ጠመንጃ አተኳኮስ በጻፈው መጽሐፍ አሳወቀ። መጽሐፉን ታላቁ ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1745 ራሱ ተርጉሞና አብራርቶ በጀርመንኛ አሳትሞታል። የሮቢንስ መሣሪያ የእንጨት ፔንዱለም ነበር። አረሩ እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ፔንዱለሙ ይወዛወዛል፤ ከፍታው ይለካል፤ ከዚያ ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል።

በእኛ ቁጥሮች ብንሞክረው አረሩ 3 ኪሎ ግራም በሚመዝን እንጨት ውስጥ ቢቀር፣ ሁለቱ በአንድነት በሴኮንድ 0.84 ሜትር ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ፤ ፔንዱለሙም 3.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ስፍራ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚደናገሩበት አንድ ነጥብ አለ። ከግጭቱ በፊት አረሩ 431 ጁል ኢነርጂ ነበረው፤ ከግጭቱ በኋላ በፔንዱለሙ ውስጥ በእንቅስቃሴ መልክ የቀረው 1 ጁል ገደማ ብቻ ነው። የተቀረው እንጨቱን በመሰንጠቅና በማሞቅ አልቋል። ስለዚህ ስሌቱ መጀመር ያለበት ከሞመንተም ጥበቃ ነው፤ ከኢነርጂ የጀመረ ሰው ፍጥነቱን ከሃያ እጥፍ ባላነሰ አሳንሶ ያገኘዋል።

ዛሬ በዒላማ መተኮሻ ስፍራዎች ሥራውን የሚያከናውነው የብርሃን ጠቋሚዎች ያሉት ክሮኖግራፍ ነው። በጠቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አረሩ በ0.88 ሚሊ ሴኮንድ ያቋርጠዋል። ልኬቱ የሚጠቅመው ፍጥነቱን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ከጥይት ወደ ጥይት ያለውን ልዩነትም ያሳያል። ጥይቱ ደካማ ከሆነ ተንሸራታቹ በቂ ሞመንተም አያገኝም፤ ባዶውን ቀለህ ሳይተፋ ወይም ቀጣዩን ጥይት ሳያጎርስ ይቀራል። ጥይቱ እጅግ ብርቱ ከሆነ ደግሞ ተንሸራታቹ የካዝናው ስፕሪንግ ቀጣዩን ጥይት ከማንሳቱ ፈጥኖ ይመለሳል። ሁለቱም ሽጉጡን ያስነክሱታል። ተኳሹም ቢሆን የዚህ ሥርዓት አካል ነው፤ ክንዱን ካላጠነከረ የሽጉጡ አካል ከተንሸራታቹ ጋር አብሮ ወደኋላ ስለሚሄድ በሁለቱ መካከል ያለው አንጻራዊ እንቅስቃሴ ይቀንሳል።

«አልነከሰም» ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ሽጉጥ ከ50 ጥይት አንድ ጊዜ የሚነክስ ነው እንበል። ይህ መጥፎ ሽጉጥ ነው። ታዲያ ይህ መጥፎ ሽጉጥ አንድ ፓኬት ጥይት ያለ አንዳች እንቅፋት የመጨረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? በእያንዳንዱ ጥይት ያለመንከስ ዕድሉ 0.98 ስለሆነ፣ 0.98ን በራሱ 50 ጊዜ ማባዛት ነው። ውጤቱ 0.36 ነው። ከሦስት መጥፎ ሽጉጦች አንዱ የሚሆነው የሃምሳ ጥይቱን ፈተና ንጹሕ ሆኖ ያልፋል ማለት ነው።

ስሌቱን ገልብጠን እንየው። በተከታታይ በተደረጉ ሙከራዎች አንድም እንቅፋት ካልታየ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልንናገር የምንችለው የእንቅፋቱ መጠን 3ን ለሙከራዎቹ ብዛት ስናካፍል ከምናገኘው ቁጥር አይበልጥም በማለት ነው። ይህ «የሦስት ደንብ» ይባላል። 3 የሚለው ቁጥር የመጣው የ0.05 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ከ3 ሲቀነስ ባዶ ከሚሆን ቁጥር ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ ምልክቱን ትተን 2.996 ነው። በዚህ ደንብ 50 ንጹሕ ጥይቶች የሚመሰክሩት እንቅፋቱ ከ6 በመቶ አይበልጥም ብቻ ነው። 200 ጥይቶች ወደ 1.5 በመቶ ያወርዱታል። እንቅፋቱ ከ1 በመቶ እንደማይበልጥ ለመናገር 299 ጥይቶች ያለ አንዳች ችግር መተኮስ አለባቸው።

1 በመቶ ጥቂት መስሎ ሊታየን ይችላል። ነገር ግን 8 ጥይት በያዘ አንድ ካዝና ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመንከስ ዕድሉን ብናሰላ 7.7 በመቶ እናገኛለን። በእያንዳንዱ አሥራ ሦስተኛ ካዝና አንድ ጊዜ ማለት ነው። ሕይወቱን በዚህ መሣሪያ ላይ ለጣለ ሰው ይህ የሚናቅ ቁጥር አይደለም።

ደንቡ ከሽጉጥ ዓለም ውጭም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሃንሊና ሊፕማን ሃንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ለሐኪሞች ያስተዋወቁት ይህንኑ ነበር። 300 ሕሙማን አዲስ መድኃኒት ወስደው አንዱም ባይጎዳ፣ መድኃኒቱ ከመቶ አንድ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ገና አልተካደም።

የጦር ሠራዊትና የሕግ አውጪዎች ፈተና

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሁለት ሽጉጦችን አወዳደረ። አንዱ ብራውኒንግ የነደፈው የኮልት ሽጉጥ፣ ሌላው የሳቬጅ ኩባንያ ሥራ ነበር። እያንዳንዳቸው በሁለት ቀናት ውስጥ 6,000 ጥይት ተኮሱ፤ ሽጉጡ ሲግል በውሃ ውስጥ እየተነከረ ይቀዘቅዝ ነበር። የሳቬጁ ሽጉጥ 37 ጊዜ ሲደናቀፍ የብራውኒንጉ አንድም እንቅፋት እንዳልተመዘገበበት ይነገራል። በዚያው ወርም ሠራዊቱ ኤም 1911 ብሎ ተቀበለው። በሦስት ደንብ ብናየው፣ 3ን ለ6,000 ስናካፍል ከ2,000 ጥይት አንድ እንቅፋት ይሆናል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሠራዊቱ አዲስ ሽጉጥ ሲያስመርጥ ያስቀመጠው መስፈርት ከዚህ ጋር መገጣጠሙ የሚያስደንቅ ነው፤ በሁለት እንቅፋቶች መካከል በአማካይ 2,000 ጥይት እንዲተኮስ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረጠው ኤክስኤም 17 ሽጉጥ ግን በመደበኛ ጥይት ሲፈተሽ በአማካይ በየ343 ጥይቱ እንቅፋት እንደታየበት የመከላከያ ሚኒስቴሩ የፍተሻ ጽሕፈት ቤት በዚያው ዓመት ሪፖርቱ አስታውቋል። ከእንቅፋቶቹ ከግማሽ የሚበልጡት የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ተንሸራታቹ ወደኋላ ተከፍቶ መቆም ሲገባው ሳይቆም በመቅረቱ የተመዘገቡ ነበሩ። ይህ ሽጉጡን ከመተኮስ የሚያግድ አይደለም፤ ካዝናው ቀድሞውኑ ባዶ ነው። እንግዲህ «እንቅፋት» የሚለው ቃል ከፈተናው በፊት በግልጽ ካልተተረጎመ አንዱ 343 የሚለውን ሌላው ከእጥፍ በላይ ሊያደርገው ይችላል።

ለርካሽ ሽጉጦች በተለይ የታሰበው ፈተና የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ሕግ ነው። ለሽያጭ የሚቀርብ የሽጉጥ ዓይነት ሦስት ናሙናዎች ይቀርባሉ። እያንዳንዱ ናሙና 600 ጥይት ይተኩሳል፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ያለ እንቅፋት መጨረስ አለበት፤ በጠቅላላው ደግሞ ከ6 እንቅፋት በላይ ሊኖርበት አይገባም፤ የተሰነጠቀ ወይም የተሰበረ ክፍልም ሊገኝበት አይችልም። ከዚህ ሌላ የመውደቅ ፈተና አለ። ባሩድና አረር የሌለው፣ መቀስቀሻ ብቻ ያለው ቀለህ የጎረሰው ሽጉጥ ከ1 ሜትር ከፍታ በስድስት የተለያየ አቋቋም ይጣላል፤ መቀስቀሻው መነሣት የለበትም። 820 ግራም የሚመዝን ሽጉጥ ከዚህ ከፍታ ሲወድቅ 8 ጁል ይዞ መሬት ይመታል። ሽጉጡ በድንገት ሲቆም በውስጡ ያለው መርፌ በግትነቱ ጉዞውን መቀጠል ስለሚፈልግ፣ የሚያግደው ነገር ከሌለ የጥይቱን መቀስቀሻ ሊመታ ይችላል። ይህ ፈተና ከማንኛውም የዒላማ ውጤት የሚበልጥ ዋጋ አለው።

ሕጉ ስለምን ሦስት ናሙና እንደጠየቀ በፖይሰን ሥርጭት ማስላት ይቻላል። እውነተኛ የእንቅፋት መጠኑ 1 በመቶ የሆነ ሽጉጥ በ600 ጥይት በአማካይ 6 ጊዜ ይነክሳል፤ ስድስት ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የማለፍ ዕድሉ 61 በመቶ ነው። ሦስቱም ናሙናዎች የማለፋቸው ዕድል ግን 22 በመቶ ብቻ ነው። ግማሽ በመቶ ብቻ የሚነክስ ዓይነት ሽጉጥ ይህንን መለኪያ በሦስቱም ናሙናዎች የማለፍ ዕድሉ 90 በመቶ ሲሆን፣ 2 በመቶ የሚነክሰው ዓይነት ከአሥር ሺህ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ናሙናዎች በአንድነት መልካሙን ከመጥፎው የሚለዩበት ኃይል አንዱ ብቻውን ካለው እጅግ ይበልጣል።

በዒላማው ወረቀት ላይ የሚታየው

የትክክለኛነት ፍተሻ ደግሞ የራሱ ወጥመዶች አሉት። በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው አንድ ነገር ነው፤ የቀዳዳዎቹ መካከል ከታለመበት ነጥብ ጋር መግጠሙ ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ወደ ግራ ቢያጋድሉ ጥፋቱ በአብዛኛው የማነጣጠሪያው አቀማመጥ ወይም የተኳሹ የቃታ አሳሳብ ነው፤ ሊታረምም ይችላል። ተበታትነው ከሆነ ግን ማነጣጠሪያውን ማንቀሳቀስ የሚፈይደው የለም።

የመሬት ስበት ድርሻ በሽጉጥ ርቀት አነስተኛ ነው። አረሩ 25 ሜትር ለመጓዝ 0.075 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚወድቀው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የማነጣጠር ስሕተት ግን ይህን አያህልም። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በመካከላቸው የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በ25 ሜትር ላይ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስታል። ይህ የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር የዐሥር ነጥብ ክብ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ስናስብ የተወዳዳሪዎቹን እጅ ጽናት መገመት እንችላለን።

የተኳሹ፣ የሽጉጡና የጥይቱ ልዩነቶች ነጻ ከሆኑ የሚደመሩት በካሬያቸው ነው። የተኳሹ መደበኛ ልዩነት 8 ሳንቲ ሜትር፣ የሽጉጡ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ድምሩ 11 ሳይሆን 8.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን ያንኑ ተኳሽ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚስት እጅግ ውድ ሽጉጥ እንስጠው፤ ድምሩ 8.1 ሳንቲ ሜትር ነው። ሽጉጡ በሦስት እጥፍ ተሻሽሎ ሳለ በወረቀቱ ላይ የታየው ለውጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በእጅ የተያዘ ሽጉጥ ፍተሻ በአመዛኙ የሚፈትሸው የያዘውን እጅ ነው። ሽጉጡን ብቻ መፈተሽ የሚፈልግ ሰው ከጠረጴዛ ጋር በተጠረቀ ማሰሪያ ላይ ያስረዋል።

ሌላው ወጥመድ የጥይቶቹ ብዛት ነው። ብዙዎች ውጤቱን የሚለኩት እጅግ በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት ግን ብዙ በተተኮሰ ቁጥር ይሰፋል እንጂ አይጠብም። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ያለው መደበኛ ልዩነት 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በሦስት ጥይት የሚገኘው ርቀት በአማካይ 7.2፣ በአምስት ጥይት 9.2፣ በዐሥር ጥይት 11.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ሽጉጡ አንድ ነው፤ የተለወጠው የጥይቱ ቁጥር ብቻ ነው። ስለሆነም የአንዱን ሽጉጥ ሦስት ጥይት ከሌላው ሽጉጥ ዐሥር ጥይት ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ከዚያም የከፋው አምስት ጊዜ ተኩሶ ጥሩውን ወረቀት ብቻ ማሳየት ነው። የተሻለው መንገድ የሁሉንም ቀዳዳዎች መካከል አግኝቶ እያንዳንዱ ከመካከሉ ያለውን ርቀት በአማካይ መውሰድ ነው፤ ይህ መለኪያ ሁለቱን የዳር ቀዳዳዎች ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ጥይቶች ምስክርነት ይሰማል።

ፈተናውን በሥርዓት ማካሄድ

ከላይ ያየነው ሁሉ ወደ ጥቂት ደንቦች ይጠቃለላል። እንቅፋት የሚባለው ምን እንደሆነ ከፈተናው በፊት ይጻፋል። ካዝናዎቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ እንቅፋቶቹ ሁሉ ከአንድ ካዝና ጋር ከተያያዙ ጥፋተኛው ሽጉጡ ሳይሆን ካዝናው ነውና። የጥይቱ ዓይነት፣ ሽጉጡ ከተጸዳ ወዲህ የተተኮሰው ብዛትና የተኳሹ ማንነት ይመዘገባሉ። የእንቅፋት መጠን ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ መሆኑም አይዘነጋም። በብዙ መሣሪያዎች ላይ መጠኑ በመጀመሪያ ከፍ ይላል፤ ክፍሎቹ ሲላመዱ ይወርዳል፤ ሲያረጁ እንደገና ይነሣል። ስለዚህ የዛሬው ንጹሕ ውጤት ከብዙ ሺህ ጥይት በኋላ ዋስትና አይሆንም።

የደኅንነት ሥርዓቱ ከሁሉ ይቀድማል። ማንኛውም ሽጉጥ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል፤ አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ አይወጣም፤ ጣት ወደ ቃታው የሚገባው ለመተኮስ ሲወሰን ብቻ ነው፤ ከዒላማው ጀርባ ያለው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል። የሽጉጥ ተኩስ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ 140 ዴሲቤል ለጆሮ የሚያሰጋ ስለሆነ መከላከያ ሳያደርጉ አይተኮስም። ጥይት ቢከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ መጠበቅ ይገባል፤ መቀስቀሻው ዘግይቶ ሊነሣ ይችላልና። ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ተኩስ ከተሰማ ደግሞ አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛ ጥይት ፈጽሞ አይተኮስም።

የማስረጃ ዋጋ

በመጨረሻ ወደ ገንዘብ እንምጣ። አንድ ጥይት 25 የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣል ብንል፣ 1 በመቶ ለሚለው ማስረጃ የሚያስፈልጉት 299 ጥይቶች 75 ዶላር ያህል ይጠይቃሉ። ከ2,000 አንድ ለሚለው ማስረጃ የሚያስፈልጉት 6,000 ጥይቶች ግን 1,500 ዶላር ይፈጃሉ፤ ይህም ከ200 ዶላሩ ሽጉጥ ሰባት እጥፍ ተኩል ነው። ርካሹን ሽጉጥ የገዛው ሰው ውዱን መግዛት ስላልቻለ ነው የገዛው። ፍተሻውን የሚችልበት አቅም የሌለውም እርሱ ነው። ሃምሳ ጥይት ተኩሶ የሚመለሰው ስለ ሳይንስ ደንታ ስለሌለው ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚተኩስበት ገንዘብ ስለሌለው ጭምር ነው። ፍተሻ በግለሰብ ኪስ ላይ ብቻ ሲጣል በጣም የሚያስፈልገው ሰው በጣም ጥቂቱን ማስረጃ ይዞ ይቀራል። የካሊፎርኒያው ሕግ ፍተሻውን ከገዥው አንሥቶ በአምራቹ ላይ መጣሉ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ነገር የሽጉጥ ብቻ አይደለም። በገበያችን ርካሽ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ርካሽ የጋዝ ምድጃ መቆጣጠሪያ፣ ርካሽ የሞተር ብስክሌት ራስ ቁር የሚገዛ ሰው ያው ሰው ነው፤ ዕቃው አንድ ሳምንት ስለሠራለት አስተማማኝ ነው ይላል። የደረጃዎች ምርመራ ተቋማትና የናሙና ፍተሻ የሚያስፈልጉት አንድ ገዥ ብቻውን ሊያሟላ የማይችለውን የሙከራ ቁጥር ለሁሉም በጋራ ለማሟላት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእንግዲህ «ሞክሬዋለሁ፤ አንድም ችግር የለበትም» የሚል ቃል ስትሰሙ፣ ስለ ሽጉጥም ይሁን ስለ መድኃኒት፣ በመጀመሪያ የሙከራውን ብዛት ጠይቁ። ከዚያም 3ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ሃምሳ ከተባላችሁ የምታገኙት 6 በመቶ ነው። ያ ቁጥር ለጉዳዩ ይበቃ እንደሆነና እንዳልሆነ መወሰን የእናንተ ነው።